ቁጥሩ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሥዕሉ

ስታቲክስ (በማይንቀሳቀሱ አካላት ላይ ያሉ ኃይሎችን የሚያጠና ትምህርት) ከብዶት የሚመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። "ለዚህኛው የትኛው ፎርሙላ ነው የሚሠራው?" መልሴ ብዙም ደስ አያሰኘውም። ስታቲክስ ውስጥ የሚሸመደድ ፎርሙላ እዚህ ግባ የሚባል አይደለማ። ወረቀት ላይ በሁለት አቅጣጫ ለሚሳል ችግር ያሉን እኩልታዎች ሦስት ናቸው። ወደ ጎን ያሉት ኃይሎች ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ። ወደ ላይና ወደ ታች ያሉትም ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ። በፈለግነው ነጥብ ዙሪያ የተወሰደ ሞመንትም (ኃይል አካሉን የማዞር አቅሙ) ድምሩ ዜሮ ነው። በቃ፣ አለቀ። በሦስት አቅጣጫ ሲሆን ሦስቱ ወደ ስድስት ያድጋሉ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ታዲያ ሦስት እኩልታ ብቻ ያለው ትምህርት ሰውን ለምን እንዲህ ያንገላታል? እኔ ባየሁት፣ ሰው የሚሳሳተው ሒሳቡ ላይ አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው እኩልታው ከመጻፉ በፊት ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ ቀስት ጎድሏል። ወይ ደግሞ የማይገባ ቀስት ገብቷል። ከዚያ በኋላ አልጀብራው የቱንም ያህል ጥንቅቅ ቢል አያድንም። የሌላ ችግር መልስ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ እኔ ስታቲክስ ስሠራም ሳስረዳም አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልቀው ሥዕል ላይ ነው። ካልኩሌተር የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። በቅደም ተከተል ልሂድበት። ቀላሉን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ግን ትንሽ እቆያለሁ።

ጥያቄው ውስጥ ያሉት ቃላት

መጀመሪያ ማንበብ ነው። የአስተማሪ ንዝንዝ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን የስታቲክስ ጥያቄ ውስጥ እያንዳንዱ ገላጭ ቃል ሥራ አለው። "ለስላሳ ግድግዳ" ከተባለ ሰበቃ የለም። ግድግዳው የሚገፋው ከገጹ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ ብቻ ነው። "ሸካራ ወለል" ከተባለ አንድ ቀስት ይጨመራል። "ወጥ የሆነ ዘንግ" ማለት ክብደቱን መሀሉ ላይ አድርጉት ማለት ነው። "ክብደቱ ቸል ይባል" ከተባለ ያ ቀስት ይጠፋል። "ሊንሸራተት ሲል" የሚለው ደግሞ አንድ ሙሉ እኩልታ በነጻ ይሰጣል፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ዓይነቶቹን ቃላት እያሰመርኩ ነው የማነበው። ከዚያ የተጠየቀውን ነገር ጥግ ላይ በራሴ አባባል እጽፋለሁ። "የኬብሉ ቴንሽን" (ኬብሉ የሚስብበት ኃይል)፣ "ፒኑ ላይ ያለው ኃይል" (ፒን አካላትን እንዲዞሩ አድርጎ የሚያያይዝ ዘንግ ነው)፣ ወዘተ። ሁሉን ነገር አስልቶ የተጠየቀውን ብቻ ሳይመልስ ወረቀት የሚያስረክብ ሰው ስንቱ ነው!

አሃድም እዚሁ ላይ ይስተካከል። ሳጥኑ 50 ኪሎ ግራም ነው ከተባለ ሥዕሉ ላይ የሚገባው 50 አይደለም። በ9.81 ተባዝቶ 490.5 ኒውተን ነው። ርዝመቱ ግማሹ በሚሊ ሜትር፣ ግማሹ በሜትር ከተሰጠ ወደ አንድ ይምጣ። ይሄ የደቂቃ ሥራ ነው፣ እንለፈው።

ማንን ነው የምነጥለው?

ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ ለእኔ የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። ከዚህ ሁሉ የተያያዘ ነገር ውስጥ የትኛውን አካል ቆርጬ አወጣለሁ? ሙሉውን መዋቅር? አንዱን ቢም (ጭነት የሚሸከም አግድም አካል)? አንዱን መገጣጠሚያ? ወይስ አንዲት ዳዶ ብቻ?

ፍሪ ቦዲ ዲያግራም የምንለው ይሄ ተነጥሎ የተሳለ አካል ነው። ብዙ ሰው ግን የጥያቄውን ሥዕል እንዳለ ገልብጦ ላዩ ላይ ቀስት ይበትንበታል። ግድግዳውም አለ፣ መሬቱም አለ፣ ኬብሉም አለ። ያ ፍሪ ቦዲ አይደለም፤ ምንም ነገር ነጻ አልወጣም። ግድግዳው ከሥዕሉ መጥፋት አለበት። በቦታው ግድግዳው የሚያደርሰው ኃይል ይተካል። ኬብሉ ይቆረጣል። በተቆረጠበት ቦታ ቴንሽኑ ይገባል። አንድን ነገር ካነሳነው፣ ያደርግ የነበረውን ሥራ በቀስት እንተካለን። ሕጉ ይሄው ነው።

የአካል ምርጫ ለምን ይሄን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላሳይ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት የእግረኛ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ። አንዱ መተላለፊያ በአራተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ ነበር፤ ሌላው በትክክል ከሥሩ፣ በሁለተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ። በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ከጣሪያው ተነስቶ፣ የላይኛውን መተላለፊያ ቢም አልፎ እስከ ታችኛው ይወርድ ነበር። ሁለቱም መተላለፊያዎች በዚያው ዘንግ ላይ በየራሳቸው ዳዶ ይቀመጣሉ። ሲሠራ ግን ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ከጣሪያ እስከ ላይኛው ቢም። ሌላው ከላይኛው ቢም እስከ ታችኛው።

አሁን ወረቀት አውጡና ሁለቱንም ሳሉ። አንድ ዘንግ ከእያንዳንዱ መተላለፊያ የሚደርሰውን ድርሻ "ወ" እንበለው። ሙሉውን ነገር እንደ አንድ አካል ወስዳችሁ ከጣሪያው ሥር ብትቆርጡት፣ የላይኛው ዘንግ በሁለቱም ንድፍ 2ወ ይሸከማል። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ለውጡን አይቶ "ያው ነው" ያለ ሰው ይህን ሥዕል በአእምሮው ይዞ ከነበረ አልገረምም።

አሁን ደግሞ የላይኛውን ቢም ብቻ ነጥሉት። በመጀመሪያው ንድፍ ቢሙ ላይ ወደ ታች ያለው የራሱ መተላለፊያ ወ ብቻ ነው። የታችኛው ሸክም ዘንጉን ይዞ በቀጥታ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ቢሙን አይነካውም። ስለዚህ ከቢሙ ሥር ያለችው ዳዶ ወደ ላይ የምትገፋው በወ ነው። በተለወጠው ንድፍ ግን የታችኛው ዘንግ የተንጠለጠለው በዚሁ ቢም ላይ ነው። ወደ ታች ወ እና ሌላ ወ አለ። ዳዶዋ 2ወ መግፋት አለባት። ሸክሟ እጥፍ ሆነ። መጀመሪያ የተበጠሰውም ይሄው መገጣጠሚያ ነው። ከአደጋው በኋላ የተደረገው ምርመራ የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማውን የግንባታ ሕግ የማያሟላ እንደነበር አሳይቷል። ለውጡ የባሰ አደረገው።

እዚህ ውስጥ ከባድ ሒሳብ የለም። አንድ ሲደመር አንድ ነው። ጥያቄው ማንን ነጠልን የሚለው ብቻ ነው። አንድ ሥዕል ችግሩን ደብቆታል፣ ሌላው ፊት ለፊት አውጥቶታል።

ከዚህ የምወስደው የሥራ ልማድ አለ። የምፈልገው ኃይል ሥዕሉ ላይ እንዲታይ፣ መቁረጫዬ በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። ኃይሉ አካሉ ውስጥ ተደብቆ ከቀረ እኩልታ ውስጥ አይገባም። ያልገባን ነገር ደግሞ ማስላት አይቻልም።

ምን ይነካዋል?

አካሉ ከተነጠለ በኋላ ድንበሩን በጣቴ እየዞርኩ "እዚህ ጋ ምን ይነካዋል?" እላለሁ። የሚነካው ነገር ሁሉ ኃይል ያደርሳል። የማይነካው አያደርስም። ክብደት ብቻ ነው ሳይነካ የሚሠራ። የኤሌክትሪክና የማግኔት ነገር እዚህ አያገባንም።

ድጋፎችን በሠንጠረዥ የሚሸመድድ ተማሪ አለ። ሠንጠረዡ ክፋት የለውም፤ ግን ፈተና ላይ ይጠፋል። እኔ የምጠይቀው "ይሄ ድጋፍ አካሉን ምን እንዳያደርግ ይከለክለዋል?" ብዬ ነው። ሮለር (እየተንከባለለ የሚይዝ ድጋፍ) ወደ ገጹ እንዳይገባ ብቻ ይከለክላል፤ ወደ ጎን መሄድም መዞርም ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀስት። ፒን ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም አያስኬድም፤ መዞር ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ሁለት ቀስት። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቢም መሄድም መዞርም አይችልም። ሁለት ቀስትና አንድ ሞመንት። ኬብል ይስባል እንጂ አይገፋም። ይህን ጥያቄ የያዘ ሰው ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ድጋፍ ቢመጣበትም አይደነግጥም።

አንድ ሌላ ነገር። ሁለት አካላት በፒን ተያይዘው ሁለቱንም ለየብቻ ከነጠላችኋቸው፣ አንዱ ላይ ወደ ቀኝ የሳላችሁት ቀስት ሌላው ላይ ወደ ግራ መሆን አለበት። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። ሁሉም ሰው በቃሉ ይለዋል፤ ሥዕሉ ላይ ግን የሚረሳው ብዙ ነው። ሁለቱን ነጥለን ስንስል ይሄ ጥንድ ይታያል። ሳንነጥል ሙሉውን ስንስል ጥንዱ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ስለዚህ ጭራሽ አይሳልም። ሳይነጠሉ የፒኑን ኃይል መሳል የማይገባ ቀስት ማስገባት ነው።

ክብደት ላይ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመማሪያ ጥያቄ "ክብደቱ ቸል ይባል" እያለ ስለሚያለማምደን የራስ ክብደትን እንደ ትርፍ ነገር ማየት ይቀናናል። በካናዳ የኩዊቤክ ድልድይ ሲሠራ የመሀሉ ርዝመት ከ488 ሜትር ገደማ ወደ 549 ሜትር ገደማ እንዲያድግ ተወሰነ። የድልድዩ የራሱ ክብደት ግን በጊዜው እንደ አዲስ አልተሰላም። እውነተኛው ክብደት ከተገመተው በልጦ ተገኘ። ድልድዩ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1907 ገና በግንባታ ላይ እያለ ወደቀ። 75 ሠራተኞች ሞቱ። መንስኤው ይሄ ብቻ አልነበረም፤ በታችኛው በኩል ጭመቃ የሚሸከመው አካል አሠራርም ደካማ ነበር። ግን ክብደቱ ትክክል ያልሆነ ሥዕል ላይ የተሠራ ስሌት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ስለ ልምምድ ከተነሳ፣ የተሠሩ ጥያቄዎችን በማንበብ ብቻ ስታቲክስ የሚገባው ሰው አላየሁም። መፍትሔው ላይ ፍሪ ቦዲው ተስሎ ስለሚቀርብ ዋናው ሥራ ተሠርቶ ነው የሚጠብቀን። "ገባኝ" እንላለን፤ የገባን ግን አልጀብራው ነው። ስለዚህ የማዘው ነገር ትንሽ ግራ ያጋባል። አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጥያቄ ውሰዱ፤ አንዱንም አትፍቱ። ሥዕል ብቻ ሳሉ። ከዚያ ከመልሱ ሥዕል ጋር አስተያዩ። አንድ ከሰዓት በዚህ መልክ ያሳለፈ ሰው፣ ሙሉ ሳምንት ቁጥር ሲያባዛ ከከረመው ይልቅ ይራመዳል ብዬ አምናለሁ።

ሞመንት የት ላይ?

ቀስቶቹ ተስለዋል። አሁን ያልታወቁትን እቆጥራለሁ። ሦስት ከሆኑና እኩልታውም ሦስት ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ከሦስት ከበለጡ ሌላ አካል መንጠል ሊያስፈልግ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ስታቲክስ የሚጣፍጠው። የሞመንት እኩልታ የፈለግነውን ነጥብ እንድንመርጥ ይፈቅድልናል። በዚያ ነጥብ በኩል የሚያልፍ ኃይል ሁሉ ክንዱ (ከነጥቡ እስከ ኃይሉ መስመር ያለው ርቀት) ዜሮ ስለሆነ ከእኩልታው ይወጣል። ስለዚህ ነጥብ ስንመርጥ የማንፈልጋቸውን እያስወጣን ነው።

አንድ ምሳሌ በደንብ እንየው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው አግድም ቢም በግራ ጫፉ ግድግዳ ላይ በፒን ታስሯል፤ ፒኑን "ሀ" እንበለው። የቀኝ ጫፉ "ለ" ነው። ከለ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ከሀ በ3 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ነጥብ "ሐ" ላይ የታሰረ ኬብል አለ። የኬብሉ ርዝመት 5 ሜትር ይሆናል። የቢሙ ክብደት 200 ኒውተን፣ መሀሉ ላይ። ጫፉ ለ ላይ ደግሞ 500 ኒውተን የሚመዝን ነገር ተንጠልጥሏል።

ቢሙን እንነጥለው። ግድግዳው ጠፋ፣ ኬብሉ ተቆረጠ። ያልታወቁት ሦስት ናቸው፦ የኬብሉ ቴንሽን፣ የፒኑ አግድም ኃይል፣ የፒኑ ቀጥ ያለ ኃይል።

ሀ ላይ ሞመንት እንውሰድ። ሁለቱም የፒን ኃይሎች በሀ በኩል ስለሚያልፉ ወጡ። የቀረው ቴንሽኑ ብቻ ነው። ክብደቶቹ 200 በ2 ሲደመር 500 በ4፣ ማለትም 2400 ኒውተን ሜትር ወደ ታች ያዞራሉ። ኬብሉ ወደ ላይ የሚያነሳው የቴንሽኑ ሦስት አምስተኛ ነው፤ ክንዱ 4 ሜትር። ቴንሽኑ ሲባዛ በ2.4 እኩል ይሆናል 2400። ቴንሽኑ 1000 ኒውተን ወጣ።

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ 1000ውን ይዞ የኃይል ድምር ውስጥ ያስገባል። ስህተት የለውም። ግን ቴንሽኑ ተሳስቶ ከሆነ ሌሎቹም አብረው ይሳሳታሉ። ስለዚህ እኔ ሌላ ነጥብ እሞክራለሁ። ለ ላይ ሞመንት ብወስድስ? ኬብሉም፣ 500ውም፣ የፒኑ አግድም ኃይልም በለ በኩል ያልፋሉ። ሁሉም ወጡ። የቀሩት የፒኑ ቀጥ ያለ ኃይል በ4 ሜትር እና 200 ኒውተን በ2 ሜትር ናቸው። ቀጥ ያለው ኃይል 100 ኒውተን፣ ወደ ላይ። ቴንሽኑን ሳናውቅ!

ሐ ላይስ? ቴንሽኑ በሐ ያልፋል፣ ወጣ። የፒኑ ቀጥ ያለ ኃይልም ከሐ በታች በዚያው ቀጥታ መስመር ላይ ነው፣ ወጣ። የቀረው አግድሙ ኃይል በ3 ሜትር፣ ከ2400 ጋር። 800 ኒውተን፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ።

ሦስቱም መልሶች አንዱ በሌላው ላይ ሳይደገፉ ወጡ። አሁን የኃይል ድምሮቹ ለማረጋገጫ ነጻ ናቸው። ወደ ጎን፦ ኬብሉ ወደ ግራ የሚስበው የ1000 አራት አምስተኛ 800 ነው፤ ፒኑ ወደ ቀኝ 800። ወደ ላይ፦ 600 ሲደመር 100፣ 700። ወደ ታች፦ 200 ሲደመር 500፣ 700። ገጠመ። ይሄን ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፣ አልደብቅም።

ቴንሽኑን ለሁለት ከፍለን ሞመንት የወሰድነው በቫሪኞን ሐሳብ ነው። ፒየር ቫሪኞን የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ ከ1654 እስከ 1722 የኖረ። የአንድ ኃይል ሞመንት ከክፍሎቹ ሞመንት ድምር ጋር እኩል ነው የሚለው ሕግ በእሱ ስም ይጠራል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዘንበል ላለ ኃይል ቀጥተኛውን ርቀት በትሪጎኖሜትሪ ከመፈለግ፣ ኃይሉን አግድምና ቀጥ አድርጎ መክፈልና የታወቁትን ርቀቶች መጠቀም ይቀላል። ኃይሉ የሚያርፍበትን ነጥብ በኃይሉ መስመር ላይ ማንሸራተትም ይፈቀዳል።

ቶሎ ቶሎ የሚያስቱ ነገሮች

አሉታዊ መልስ ሲወጣ የሚደነግጥ አለ። መደንገጥ አያስፈልግም። የገመትነው አቅጣጫ ተቃራኒ ነው ማለት ብቻ ነው። ሥዕሉን መሀል ላይ አትቀይሩት፤ አሉታዊነቱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ግማሹ እኩልታ በድሮው አቅጣጫ፣ ግማሹ በአዲሱ ከተጻፈ ጉድ ይፈላል። ኬብል ላይ ግን አሉታዊ ቴንሽን ከወጣ ቆም በሉ። ኬብል አይገፋም። ያ መልስ ኬብሉ ላልቷል፣ ወይም ያሰብነው ሚዛን የለም እያለ ነው።

የተዘረጋ ጭነት ላይ የሚታየው ስህተት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። 6 ሜትር ቢም በግራ ፒን፣ በቀኝ ሮለር ይዞታል እንበል። ከግራ 2 ሜትር ላይ 12 ኪሎ ኒውተን አለ። በመጨረሻው 3 ሜትር ላይ ደግሞ በሜትር 4 ኪሎ ኒውተን ተዘርግቷል። የተዘረጋው በድምሩ 12 ይሆናል፤ ከግራ 4.5 ሜትር ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በግራው ፒን ላይ ሞመንት ስንወስድ 24 ሲደመር 54፣ 78። ለ6 ሲካፈል ሮለሩ 13 ይይዛል፤ ፒኑ 11። እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቀጥሎ ቢሙን 4 ሜትር ላይ ቆርጣችሁ የውስጥ ኃይሉን ብትጠየቁ፣ ያንን 12 በ4.5 ላይ ያለ ነው ብላችሁ ልትረሱት አትችሉም። የግራው ቁራጭ ላይ ከ3 እስከ 4 ሜትር ያለው ጭነት አለ፤ 4 ኪሎ ኒውተን። መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ቁራጩ ላይ የቀረው ጭነት ብቻ በአንድ ቀስት ይተካል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መልሱ ይበላሻል።

ሰበቃ፦ 100 ኒውተን የሚመዝን ሳጥን ደልዳላ ወለል ላይ አለ፤ የሰበቃ ኮኤፊሸንቱ 0.4 ነው። በ30 ኒውተን ወደ ጎን ገፋነው። ሰበቃው ስንት ነው? አብዛኛው ሰው 40 ይላል። 30 ነው። 40 የሚቻለው ጣሪያ ነው እንጂ ሁልጊዜ የሚሠራው መጠን አይደለም። ሰበቃው 40 ቢሆን ሳጥኑ ወደ ገፊው መሄድ ነበረበት! ኮኤፊሸንቱን በቀጥታ የምናባዛው ጥያቄው "ሊንሸራተት ሲል" ሲለን ብቻ ነው። በነጻ የሚሰጠው እኩልታ ያልኩት ይሄን ነው። ካላለን ሰበቃውን እንደማንኛውም ያልታወቀ ኃይል ከሚዛን አውጥተን፣ ከጣሪያው ጋር እናስተያየዋለን።

ትራስ (ቀጫጭን አካላት ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥመው የሚሠሩት መዋቅር) ላይ ብዙ አልቆይም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን ልበል። የጥቂት አካላትን ኃይል ብቻ ከተጠየቃችሁ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ከዳር ተነስቶ መጓዝ ጊዜ ማባከን ነው። በአካላቱ በኩል ቆርጣችሁ አንዱን ጎን ነጥሉ፤ ሦስት ያልታወቁ እስከሆኑ ድረስ በአንድ ሥዕል ያልቃል። ሁሉንም ቴንሽን አድርጋችሁ ሳሉ፤ አሉታዊ የወጣው ኮምፕረሽን (ጭመቃ) ነው። ኃይል የማይሸከሙትን አካላትም በዓይን አስቀድማችሁ ለዩ። ሁለት አካላት ብቻ፣ በአንድ መስመር ላይ ሳይሆኑ፣ ጭነትም ድጋፍም የሌለው መገጣጠሚያ ላይ ከተገናኙ ሁለቱም ዜሮ ናቸው።

መልሱን መጠርጠር

መልስ ከወጣ በኋላ ያልተጠቀምኩበትን እኩልታ ወይም ነጥብ ፈልጌ አረጋግጣለሁ። የ6 ሜትሩ ቢም ላይ ለምሳሌ፣ ሮለሩ ላይ ሞመንት ስወስድ 12 በ4 ሲደመር 12 በ1.5፣ 66 ነው። ፒኑ 11 በ6፣ 66። ሌላው ማረጋገጫ በዓይን ነው። ጭነቱ ወደ ቀኝ ያደላል፤ ስለዚህ ቀኙ ድጋፍ የበለጠ መያዝ አለበት። 13 እና 11 ይመስላል። ተገልብጦ ወጥቶ ቢሆን ወዲያው እጠረጥር ነበር።

ሥራ ላይ ኮምፒውተር ነው የሚያሰላልን። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የማየው ያንኑ ነው፤ የሪአክሽኖቹ (ድጋፎቹ የሚመልሷቸው ኃይሎች) ድምር ካስገባሁት ጭነት ጋር እኩል ነው ወይ? እኩል መሆኑ ሁሉም ነገር ትክክል ነው አያሰኝም። ሶፍትዌሩ ያስገባሁትን ጭነት በትክክል አመዛዝኖታል ማለት ብቻ ነው። የረሳሁትን ጭነት ሊነግረኝ አይችልም። የተለየ ውጤት ከወጣ ግን ሌላውን ሁሉ ማየት አቆማለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ገጥሞ ነገሩ የማይሆንበት ጊዜ አለ። አንድ አግድም ቢም በሦስት ሮለሮች ላይ ይቀመጥ። ያልታወቁት ሦስት፣ እኩልታው ሦስት። ቆጠራው ያምራል። ግን ሦስቱም ቀስቶች ወደ ላይ ናቸው፤ ወደ ጎን የሚይዘው የለም። ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ቢሙ ይሄዳል። ስለዚህ ቀስት ከመቁጠር በተጨማሪ "ይሄ አካል በየትኛው አቅጣጫ ማምለጥ ይችላል?" ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። የ6 ሜትሩን ቢም ፒኑና ሮለሩ እንዳሉ ትተን መሀሉ ላይ ሌላ ሮለር እንጨምርበት። ያልታወቁት አራት ሆኑ። ተማሪዎች እዚህ ላይ አራተኛ እኩልታ ፍለጋ ሌላ ነጥብ ላይ ሞመንት ይወስዳሉ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አይወጣም። አራተኛው እኩልታ ከሦስቱ ተውጣጥቶ የተሠራ ነውና ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ ላይ ያደርሳል። ሁለት ድጋፍ ብቻ የነበረው ቢም አንዱ ድጋፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሰምጥ ሪአክሽኖቹ አይለወጡም፤ 13ም 13፣ 11ም 11 ሆነው ይቀራሉ። ሦስት ድጋፍ ያለው ግን መሀሉ ትንሽ ቢሰምጥ ሸክሙ ወደ ዳሮቹ ይዞራል። ስለዚህ መልሱ ቢሙ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ሳይታወቅ አይገኝም። ለዚያ የሚያስፈልገው እኩልታ የሚመጣው ከቀጣዩ ኮርስ፣ ከስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ነው።